በአንድ ሆድ ሁለት ኮረንቲ

ነገሩ የጀመረው ነርሷ ሰይጣን አምጣ ያለችኝ ዕለት ነው።

ቀልድ አይደለም። እስራኤል አገር፣ አፉላ ከተማ ከገባን ገና ዓመት አልሞላንም፤ ዕብራይስጤም ዳቦ ለመግዛትና ይቅርታ ለመጠየቅ ብቻ የምትበቃ ነበረች። በኢንዱስትሪ ቀጠናው አይብ የሚሠራ አንድ ፋብሪካ ሊቀጥረኝ ተስማማና «መጀመሪያ የጤና ወረቀት አምጣ» አለኝ። እኔም የታጠበ ሸሚዜን ለብሼ ወደ ክሊኒኩ ሄድኩ። ነርሷ ክዳን ያላቸው ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ዕቃዎች ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ ዓይን ዓይኔን እያየች፣ ረጋ ብላ፣ «ሼተን፤ ጾአ» አለችኝ።

እንግዲህ ፍረዱኝ። እኔ የቄስ ዘመድ ነኝ። ልጅ ሆኜ በመንደራችን ሰው ሲለከፍ ቄሱ ከፊቱ ቆመው በግዕዝ «ፃእ!» እያሉ ሲጮኹ እሰማ ነበር፤ «ውጣ» ማለት መሆኑን ማንም ሳይነግረኝ አውቃለሁ። አሁን ነጭ ጋውን የለበሰች ሴት በጠራራ ፀሐይ «ሰይጣን፤ ፃእ» ስትለኝ ምን ልበል?

«የለብኝም» አልኳት።

«ሁሉም ሰው አለው» አለችኝ።

«እኔ የለብኝም። ዘመዶቼም የለባቸውም።»

«አሁን ካልመጣልህ ነገ ጠዋት ይዘኸው ና» አለችና ዕቃውን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። «እስከ ግማሽ ከሞላ ይበቃል።»

ሰይጣን በግማሽ ዕቃ የሚለካበት አገር ደረስኩ ብዬ ላብ አጠመቀኝ። በመጨረሻ ትዕግሥቷ አለቀና ከወንበሯ ተነሣች፤ ጉልበቷን አጠፍ አድርጋ በአፏ «ሽሽሽ» አለችልኝ። አንደኛው ዕቃ ለሽንት መሆኑ ያኔ ገባኝ። ሁለተኛውን በምልክት ሳታሳየኝ ልቅደም ብዬ ሁለቱንም አፈፍ አድርጌ ወጣሁ።

በማግስቱ ውጤቱ መጣ። ሽንቴ ንጹሕ ነው፤ ሁለተኛው ዕቃ ውስጥ ግን ነዋሪ ተገኝቶበታል። «ሐይዳኪም» አለችኝ፤ በዓይን የማይታዩ ጀርሞች ማለቷ ነው። ከጎንደር ተነሥተው፣ ሱዳንን አቋርጠው፣ አውሮፕላን ተሳፍረው፣ አፉላ ድረስ አብረውኝ መጥተዋል። እኛን ስምህ ማነው፣ አባትህ ማነው፣ የት ተወለድክ እያሉ ስንቱ ቢሮ ሲያመላልሰን፣ እነሱ አንድ ወረቀት ሳይፈርሙ ዓሊያ አድርገው፣ ማለትም እስራኤል ገብተው፣ ሆዴ ውስጥ ቤት ተሰጥቷቸዋል።

ነርሷ ክኒን ሰጠችኝ። በቀን ሦስት ጊዜ፣ ለሰባት ቀን። ከዚያ እንደገና እመረመራለሁ። የፋብሪካው ሰውዬ ደግሞ ቦታውን ለሦስት ሳምንት እንደሚያቆይልኝ፣ ካለፈ ግን ለሌላ ሰው እንደሚሰጠው ነገረኝ። ጊዜው የተረፈ ነበር። ሰው ሲኮን ግን ቀላሉን መንገድ ትቶ ገደሉን መፈለግ አለ።

የመጀመሪያውን ክኒን ዋጥኩ። አፌ ውስጥ ሰው ቁልፍ የረሳ መሰለኝ። ውሃ ጠጣሁ፣ ቁልፉ አለ። ወተት ጠጣሁ፣ ቁልፉ አለ። ስኳር ቃምኩ፣ ጣፋጭ ቁልፍ ሆነ። እኔ እኮ ኮሶ ጠጥቼ ያደግሁ ሰው ነኝ! ግን ኮሶ ቢመርም ሐቀኛ ነው፤ ጠጥተኸው ከጓሮ ስትመለስ ጠላትህን በዓይንህ ዓይተህ፣ ርዝመቱን ለጎረቤት አውርተህ፣ ድል አድርገህ ትገባለህ። ይህ ክኒን የማላየውን ጠላት የት እንዳደረሰው አይነግረኝም። ቀሪውን ከነማሸጊያው ኮቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩና ለሚስቴ ለይታይሽ «እየዋጥኩ ነው» አልኳት።

በዚህ መሀል ነው አቶ ያንኩ የገቡበት። የምንኖርበት ሕንፃ አራት ፎቅ ነው፤ እኛ ሦስተኛው ላይ፣ እሳቸው ምድር ቤቱ። ከሩማንያ የመጡ ሽማግሌ ናቸው፤ በሥራ ዘመናቸው ሬዲዮ ጠጋኝ ነበሩ። ሚስታቸው ሞተው የሚኖሩት ከሚስታቸው ወንድም ከአቶ ማርሴል ጋር ነው። እሳቸውም ሽማግሌ፣ እሳቸውም የኤሌክትሪክ ሰው። ሁለቱ ከጠዋት ጀምሮ በሩማንኛ ሲጨቃጨቁ ድምፃቸው በደረጃው ሽቅብ ይወጣል። እኔ መጀመሪያ የተበላሸ ሬዲዮ መስሎኝ ነበር።

በዕብራይስጥ «አንቱ» የሚባል ነገር የለም። ሽማግሌውም፣ ሹሙም፣ ድመቱም «አታ» ነው። እኔ አፌ «አታ» ሲል ልቤ «እርስዎ» እያለ ነበር የማናግራቸው፤ እዚህም የምጽፈው ልቤ እንዳለው ነው።

ከሕንፃው በር ካለው ቧንቧ ጎንበስ ብዬ አፌን ስጉመጠመጥ አቶ ያንኩ አገኙኝ።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ክኒን ነው» አልኳቸው። «ለሆድ ጀርም።»

ፊታቸው እንደ ሠርግ ቤት በራ። «ክኒን! ክኒን ሆድህን ይገድለዋል፣ ጀርሙ ቁጭ ብሎ ያያል። ጀርም የሚሞተው በምን እንደሆነ ላሳይህ፤ ና ግባ።»

ገባሁ። ጠረጴዛቸው ላይ ጫማ የሚያክል የእንጨት ሣጥን አለ፤ ውስጡ የሬዲዮ ባትሪ እንደ ሰልፈኛ ተደርድሯል። ከሣጥኑ ሁለት ሽቦ ይወጣል፤ በየሽቦው ጫፍ ከውሃ ቧንቧ የተቆረጠ የመዳብ ቁራጭ ተያይዟል። ቁራጮቹን በጨው ውሃ በተነከረ ጨርቅ ጠቅልለው አንዱን በቀኝ እጄ፣ አንዱን በግራ እጄ አስጨበጡኝ።

«ይሄ ቀጥታ ኮረንቲ ነው» አሉ። «እንደ ወንዝ ነው። በአንድ በኩል ይገባል፣ በሌላው በኩል ይወጣል። ወደ ኋላ አይመለስም። መንገዱ ላይ ያገኘውን ጀርም ሁሉ ጠራርጎ ይወስዳል።»

«በየት በኩል ነው የሚያስወጣቸው?» ብዬ ጠየቅኩ። ለወንበራቸው አስቤ ነው።

«በእጅህ!» አሉኝ ተቆጥተው።

እጄን ትንሽ ቆንጠጥ፣ ትንሽ ሞቅ አደረገኝ። በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ያህል እየተቀመጥኩ፣ በአምስተኛው ቀን ጨርቁን ስፈታ፣ ቀኝ መዳፌ አረንጓዴ ሆኗል። እንደ ጎመን! አቶ ያንኩ እጄን ወደ መስኮቱ ብርሃን ወስደው በአጉሊ መነጽር አዩት፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«አየህ?» አሉኝ በሹክሹክታ። «ሬሳቸው ነው።»

ዛሬ ላይ ሆኜ፣ መዳብና ጨው ከኮረንቲ ጋር ሲገናኙ አረንጓዴ ዝገት እንደሚያወጡ አውቃለሁ። ያን ቀን ግን ቀኝ እጄን እንደ ሜዳልያ ከፍ አድርጌ ደረጃውን ወጣሁ። በሩን የከፈቱልኝ አማቴ፣ እማማ ዋጋዬ ናቸው።

ስለ እማማ ዋጋዬ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በአገራችን ሳሉ የመንጻት ሕግ ሲሉ ውሃ ራሱ ይፈራቸው ነበር። የሞተ ነገር የነካ ሰው ገላውን በወራጅ ውሃ ሳይታጠብ፣ ፀሐይም ሳትጠልቅ ቤታቸው አይገባም። አፉላ ከመጣን ወዲህ ግን የሚከለክሉት ነገር ጠፍቶ ሥራ ፈት ሆነው ነበር።

«እጅህ ምን ሆኖ ነው?» አሉኝ።

«ጀርም ነው እማማ። የሞተ ጀርም። ሬሳው ነው።»

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ስሕተቴ ታወቀኝ፤ ግን ወጥቷል። እማማ ዋጋዬ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈጉና በሩን ገርበብ አደረጉብኝ።

«ስንት ናቸው?»

«ብዙ ናቸው መሰለኝ።»

«ደም አላቸው?»

«አላውቅም እማማ። በዓይን አይታዩም።»

«ቢታዩም ባይታዩም ሞተዋል ብለሃል። ሬሳ ታቅፈህ ከኔ ቤት? ታጠብ፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ና።»

«እማማ፣ ወንዝ የት አለና ነው?»

ይታይሽ ከውስጥ እየሳቀች ለማማለድ ሞከረች፤ አልሆነም። ወርጄ አጥሩ ጥግ ተቀመጥኩ። ከሕንፃው ፊት ለፊት ሣር አለ፤ ሣሩን የሚያጠጣ፣ ውሃ እየረጨ የሚሽከረከር ነገር መሀሉ ላይ ተተክሏል። እማማ ዋጋዬ በረንዳው ላይ ወጥተው ብዙ ተመለከቱት። ውሃው ይሄዳል፣ ያም ሆኖ ዞሮ እዚያው ይመለሳል፤ ወራጅ ነው ወይስ አይደለም? ራሳቸው ጠይቀው ራሳቸው ሲመልሱ ከታች ይሰማኝ ነበር። በመጨረሻ «ይሁን፣ ከነልብስህ ግባበት» ብለው ፈረዱ። ከአውቶቡስ የወረዱ ሁለት ወታደር ልጃገረዶች፣ አንድ ጎልማሳ ኮት ለብሶ፣ ቀኝ እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ፣ በሚሽከረከር ውሃ ዙሪያ ሲሮጥ ቆመው አዩ። አንደኛዋ «ሰላም» አለችኝ። «ሰላም» አልኳት። ሌላ ምን ይባላል?

ኮቴ ኪስ ውስጥ ክኒኑ እንዳለ ትዝ ያለኝ በኋላ ነው። ማሸጊያው ጠንካራ ስለነበረ አልረጠበም፤ እኔ ግን የፈጣሪ ምልክት ነው አላልኩም። ሞኝነት ሲይዝ እንደዚያ ነው።

በማግስቱ አቶ ማርሴል ደረጃው ላይ ጠብቀው ክንዴን ያዙኝ። ግራና ቀኝ አዩና «ያ ሽማግሌ በቀጥታ ኮረንቲ ሊያቃጥልህ ነው» አሉኝ። አቶ ማርሴል ከአቶ ያንኩ በሁለት ዓመት ይበልጣሉ።

«እጅህ ለምን አረንጓዴ ሆነ? ቀጥታ ስለሆነ! ቀጥታ ኮረንቲ ደደብ ነው። ጀርሙ ዞር ብሎ ያሳልፈዋል፣ ከዚያ ተመልሶ ይተኛል። የግድግዳው ኮረንቲ ግን ተለዋዋጭ ነው። በአንዲት ሰከንድ ሃምሳ ጊዜ ወዲያና ወዲህ ይላል። አንተን በሰከንድ ሃምሳ ጊዜ ወዲያና ወዲህ ቢወረውሩህ ትኖራለህ?»

እኔ አውሮፕላኑ ለማረፍ አንዴ ዞር ሲል ያስታወክሁትን አስታወስኩ። «አልኖርም» አልኳቸው።

«እንግዲህ!»

ማሳመኛው ጠንካራ ነበር። አቶ ያንኩ ወደ መሀል ከተማ ወደ ባንክ ሲሄዱ እየጠበቅኩ በአቶ ማርሴል እጅ ገባሁ። የእሳቸው መሣሪያ ከበር ደወል የተነቀለ፣ የግድግዳውን ኮረንቲ የሚያሳንስ ትራንስፎርመር ነው፤ እግሬን ለብ ያለ የጨው ውሃ ባለበት ገንዳ ውስጥ አስነክረው ሁለቱን ሽቦ ወደ ገንዳው ያስገባሉ። እግሬ እንደ ንብ ቀፎ ይዘምራል። ባቴ ያለ እኔ ፈቃድ ይንቀጠቀጣል። አረንጓዴ ነገር ግን የለም፤ እማማ ዋጋዬም የሚያባርሩበት ምክንያት አጡ። ሆዴ ያው ይጮኻል። ስነግራቸው አቶ ማርሴል «እየሸሹ ነው» ይሉኛል። ያንኑ ለአቶ ያንኩ ስነግራቸው ደግሞ «እየሞቱ ነው» ይሉኛል። አዎ፣ ወደ እሳቸውም መሄዴን አላቆምኩም፤ ሽማግሌ ማስቀየም አልወድም። ጠዋት ቀጥታ፣ ከሰዓት በኋላ ወዲያ ወዲህ። ሆዴ ውስጥ ያሉት ጀርሞች የትኛውን ሕግ እንደሚያከብሩ ሳይቸገሩ አልቀሩም።

እንዲህ ሆኜ ሁለተኛው ሳምንት ዓርብ ላይ ደረሰ። ሰንበት ሊገባ አንድ ሰዓት ያህል ቀርቶታል፤ ከየቤቱ የምግብ ሽታ ይወጣል። እኔ እግሬን ገንዳው ውስጥ ነክሬ፣ ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ሰብስቤ፣ ባቴ እየዘፈነ ተቀምጫለሁ። በሩ ተከፈተ። አቶ ያንኩ፣ ባንኩ በጊዜ ተዘግቶባቸው ተመልሰዋል።

መጀመሪያ እኔን አዩ። ከዚያ ገንዳውን። ከዚያ ማርሴልን። ሚስት ባሏን ከሌላ ሴት ጋር ስትይዘው እንዴት እንደምታይ የማላውቅ ሰው ያን ቀን አወቅኩ።

«አንተም?» አሉኝ።

«አቶ ያንኩ፣ እኔ...»

ከዚያ በኋላ ያለው በሩማንኛ ነው። አቶ ማርሴል ተነሥተው መለሱ። ጣት ተቀሰረ። አቶ ያንኩ የባትሪ ሣጥናቸውን አንሥተው ደረታቸው ላይ ታቀፉ። ሁለት ሽማግሌ ሲጣላ ተቀምጦ ማየት በኛ አገር ነውር ነው፤ ስለዚህ ለማስታረቅ እግሬን ከገንዳው አወጣሁና መሀላቸው ገባሁ። ከሣጥኑ ሽቦ የተላቀቀውን አንዱን የመዳብ ቁራጭ ለምን እንዳነሣሁ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ በእጄ ነበር።

ሕይወቴን ያተረፈችኝ ያቺ ሽምግልና ናት። አቶ ያንኩ «ይሄ ቆሻሻ ነው!» ብለው ትራንስፎርመሩን በእጃቸው ገፉት፤ ከጠረጴዛው ወደቀና ከነግድግዳ ሽቦው ገንዳው ውስጥ ገባ። ጭላ! የሚል ድምፅ ተሰማ። ሶኬቱ ሰማያዊ እሳት ተፋ። ከዚያ ጸጥ አለ። የኛ መብራት ጠፋ፣ የደረጃው ጠፋ፣ ከአራተኛው ፎቅ የሚመጣው ዘፈን መሀል ላይ ተቆረጠ። የሕንፃው ኮረንቲ በሙሉ ሄዷል።

በአፉላ ሰንበት ሊገባ ሲል ኮረንቲ ማጥፋት ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ይጠይቀኝ። ሰው ሁሉ በሰንበት እሳት አይለኩስም፤ ስለዚህ ዓርብ ማታ ሳይገባ ምግቡን በኤሌክትሪክ ብረት ምጣድ ላይ ጥዶ፣ ሙቀቱ እስከ ቅዳሜ እንዲቆይ ይተወዋል። አሁን የሃያ ቤት ድስት በአንዴ ሊበርድ ነው። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ በዚያ ሰዓት አይመጣም። በሮች ተከፈቱ፣ ሰዎች ወረዱ፣ በጥቂት ዕብራይስጤ ሊገባኝ የቻለው «ማነው?» የሚለው ብቻ ነበር። ደረጃው ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ፤ ባዶ እግሬን፣ ሱሪዬን ሰብስቤ፣ ውሃ እያንጠባጠብኩ፣ መዳብ ጨብጬ። ምስክር አላስፈለገም።

ያዳኑኝ እማማ ዋጋዬ ናቸው። ከሦስተኛ ፎቅ ነጭ ኩታቸውን አጣፍተው ወረዱ፤ ፊታቸው በደስታ ያበራል። በኛ ደንብ በሰንበት ቤት ውስጥ እሳት ቀርቶ ትኩስ ምግብ አይታሰብም፤ ቀዝቃዛ ነው የሚበላው። እማማ ከመጣን ጀምሮ የጎረቤቶቹ ትኩስ ድስት ሲያብከነክናቸው ኖሯል። አሁን መላው ሕንፃ በአንድ ጊዜ በእሳቸው ደንብ ገባ።

«ተዉት፣ አትቆጡት» አሉ በአማርኛ፤ ማንም ባይሰማቸውም። «ሰንበት እንዲህ ነው። እግዚአብሔር አጠፋው።» ዓርብ ጠዋት የጋገሩትን ትልቁን የሰንበት ዳቦ ቆራርሰው፣ በየበሩ እያንኳኩ አደሉ። ከአራተኛ ፎቅ ያለችው፣ ከሞሮኮ የመጣችው ሴትዮ ልትቆጣ አፏን ስትከፍት ዳቦ አስያዟት። ቀመሰችው። ሁለተኛ ቁራሽ ጠየቀች። ነገሩ እየበረደ ሄደ።

እኔ ግን የምገባበት አጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። አቶ ማርሴል መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ።

«እህቴ ነበረች» አሉ።

«ማን?»

«ሚስቱ። ሮዛ። የዓለም ጦርነቱ እንዳለቀ ሰሞን ነው። እግሯን ሽቦ ቆረጣት፤ ትንሽ ቁስል ነች። መረቀዘ፤ ደሟ ውስጥ ገባ። መድኃኒቱ አለ ይባል ነበር፤ እኛ ከተማ ግን አልደረሰም። እሱ የሬዲዮ ባትሪ አመጣ፤ ቀጥታ ነው አለ። እኔ ከግድግዳው ሽቦ ሳብኩ፤ ተለዋዋጭ ነው አልኩ። አልጋዋ አጠገብ ቆመን ሁለት ቀን ተከራከርን። በሦስተኛው ቀን ሞተች።»

ከላይ የእማማ ዋጋዬ ድምፅ ይሰማል፤ «እንኩ፣ ብሉ» እያሉ።

«አርባ ዓመት ሆነው» አሉ አቶ ማርሴል። «እሱ፣ አንተ ነህ ያስቸገርከኝ ይለኛል። እኔም እንደዚያው እለዋለሁ። አሁን አንተ ከዳንክ... በየትኛው እንደዳንክ ካወቅን...» አልጨረሱትም። ጉልበቴን መታ መታ አድርገው ገቡ።

ቀልዱ ሁሉ ከላዬ ረገፈ። ሱዳን፣ የስደተኞች ሰፈር ውስጥ ታናሽ ወንድሜ ታሞብኝ ያልሞከርኩት አልነበረም፤ አመድ ሲሉኝ አመድ፣ ቅጠል ሲሉኝ ቅጠል። በእጁ ያለውን ይዞ መሮጥ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ወንድሜ ኖረ። ለምን እንደኖረ ግን አመዱም ቅጠሉም አልነገሩኝም።

ሦስተኛ ፎቅ ስወጣ ይታይሽ በሩ ላይ ቆማለች። መብራቱ እንደጠፋ የእጅ ባትሪ ፍለጋ ኮቴን ፈትሻለች። የእጅ ባትሪ አላገኘችም።

«አንድ» አለች ማሸጊያውን ወደ ላይ ከፍ አድርጋ። «አንድ ብቻ ነው የጎደለው።»

«ይታይሽ፣ አፌን ቁልፍ ቁልፍ እያለኝ...»

«ኮሶ የጠጣ ወንድ ክኒን ፈርቶ ሽቦ ጨበጠ?» አለችኝ። «ፋብሪካው የቀረው አሥር ቀን ነው። ቀጥ ያለም ይሁን የተጣመመ ኮረንቲ ከእንግዲህ አላይም። አፍህን ክፈት።»

ከፈትኩ። ለሰባት ቀን በቀን ሦስት ጊዜ ከፈትኩ። ክኒኑን ራሷ ምላሴ ላይ ታኖራለች፤ ከዋጥኩ በኋላ በጣቷ ከምላሴ ሥር ትፈትሻለች፤ ልክ ፈረስ እንደሚገዛ ሰው። አንዴ ጥርሴንም የቆጠረች መሰለኝ። እማማ ዋጋዬ ከጎን ሆነው «ጉንጩንም እዪ» ይሉ ነበር።

ሦስተኛው ሳምንት ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ተመረመርኩ። በዚህ ጊዜ ነርሷ ምንም ሳትል ዕቃውን አቀበለችኝ፤ እኔም ምንም ሳልል ተቀበልኳት። በማግስቱ ስመለስ ውጤቱ ንጹሕ ነው። ወረቀቱ ላይ ማኅተም መታችበትና ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ከክሊኒኩ ወደ ቤት በእግሬ ነው የመጣሁት፤ አውቶቡስ ውስጥ ቁጭ ማለት አላስቻለኝም።

ሕንፃው በር ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር፣ አንዱ በአንድ ጫፍ፣ ሌላው በሌላው ጫፍ፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። ከዚያ ዓርብ ወዲህ አልተነጋገሩም ነበር። ጠዋት ስወጣ ወዴት እንደምሄድ ለይታይሽ ስነግራት ሰምተዋል። ስደርስ ሁለቱም ተነሡ።

«እህ?» አሉ አቶ ያንኩ።

«ንጹሕ ነኝ።»

አቶ ማርሴል ዓይናቸውን ጨፈኑ። አቶ ያንኩ ግን ባርኔጣቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ያዙት።

«የትኛው ነው?» አሉኝ። «እውነቱን ንገረኝ። የእኔ ነው? ወይስ የእሱ?»

እንዲህ ያለ ፈተና ክሊኒኩ ውስጥ አልገጠመኝም። ቀጥታው ነው ብል፣ አቶ ማርሴል በዚያ ሁለት ቀን እህታቸውን እንዳስገደሉ ሊያምኑ ነው። ተለዋዋጩ ነው ብል፣ አቶ ያንኩ ሚስታቸውን። ሁለቱም ነው ብል ደግሞ ይብስ፤ ባይጣሉ ኖሮ ትድን ነበር ማለት ነው። ከኪሴ ባዶውን የክኒን ማሸጊያ አውጥቼ አሳየኋቸው።

«ይሄ ነው» አልኳቸው። «ሚስቴ አስገድዳኝ ዋጥኩት። ሰባት ቀን ሙሉ። የእርስዎም አይደለም፣ የእሳቸውም አይደለም። ኮረንቲው ምንም አላደረገም። የቱም ቢሆን ምንም አያደርግም ነበር።»

አቶ ያንኩ ማሸጊያውን ከእጄ ተቀበሉ፤ ገልብጠው አዩት። ለአቶ ማርሴል አቀበሉ። አቶ ማርሴልም ገልብጠው አዩት። ከዚያ ሁለቱ ተያዩ፤ ረዘም ላለ ጊዜ። አንድ ነገር እንደተሸከመ ሰው የነበረው የአቶ ያንኩ ትከሻ ዝቅ አለ።

«ይሄ ሰው» አሉ አቶ ያንኩ፣ እንድሰማ በዕብራይስጥ፣ «ስለ ኮረንቲ አንድ ነገር አያውቅም።»

«አንድም» አሉ አቶ ማርሴል።

«መሃይም ነው።»

«ባቱ ብቻ ነው የሚሠራው» አሉ አቶ ማርሴል።

አቶ ያንኩ ሳቃቸው አመለጣቸው። ባርኔጣቸውን ደፉና ማሸጊያውን መለሱልኝ። አቶ ማርሴል ቀድመው ሄደው በሩን ከፍተው ያዙላቸው፤ ተያይዘው ገቡ። እኔ ወረቀቴን ይዤ ደረጃው ላይ ቆምኩ። ከበሩ ኋላ ሩማንኛው እንደገና ተጀመረ። ቋንቋቸውን አላውቅም፤ ግን ስሜ መሀል መሀል ላይ ይጠራ ነበር፣ አንዱ የጀመረውንም ስድብ ሌላው ይጨርስለት ነበር።